ኮምፒዩተሩ አልነሣ ሲል

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ ልዩ ልዩ ነገር ስናወሳ ቆይተናል፤ ስለ ቡታጋዝ፣ ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ በርሜል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገመድም ጽፈናል። ስለ ኮምፒዩተር ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሳንጽፍ የቀረነው፣ ይህ የወጣቶችና የባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብለን በማሰብ ነበር። ባለፈው ክረምት በአንዲት እናት ቤት የሆነውን ካየን በኋላ ግን ዝምታችን ትክክል እንዳልነበረ ተረዳን። ኮምፒዩተር ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ የቤተ ሰቡ ሣጥን ሆኗል። የጋብቻውና የክርስትናው ፎቶግራፍ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የሟች ድምፅ ሳይቀር በእርሱ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ይህ ሣጥን አልከፈት ባለ ዕለት ምን እንደሚደረግ የቤቱ አባወራና እመቤት ቢያውቁት መልካም ነው።

እኒህ እናት ባለቤታቸው ካረፉ አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ሟቹ ዘመናቸውን በመምህርነት አሳልፈው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የትውልድ አገራቸውን ደብር ታሪክና የቤተ ዘመዱን የትውልድ ሐረግ ከሽማግሌዎች አፍ እየጠየቁ በኮምፒዩተር ሲጽፉ ኖረዋል። ከተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ አንድም የለም። ኮምፒዩተሩን በ2000 ዓ.ም. ከአሜሪካ የላከችላቸው ልጃቸው ናት። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ በሳሎኑ ጥግ፣ በወይዘሮዋ እጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ የልጅ ልጆች ብቻ አልፎ አልፎ ሊጫወቱበት ይከፍቱታል።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማታ ልጆቹ ከፍተውት ሳለ መብራት ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ፤ እንደ ገናም መጣ። ከዚያ በኋላ ማስነሻውን ቢጫኑት፣ ቢደጋግሙት፣ ኮምፒዩተሩ አልነሣም አለ። በማግሥቱ የተጠራው ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ካየ በኋላ፣ «ይኼ ዘመኑ ያለፈበት ነው፤ ሞቷል፤ ሌላ ይግዙ» ብሎ ሄደ። እኛ ዐርብ ማታ ስለ ሌላ ጉዳይ ወደ ቤታቸው ጎራ ስንል፣ ኮምፒዩተሩ ከነገመዱ ታስሮ በበሩ አጠገብ ቆሞ አገኘነው። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ቅዳሜ ጧት መጥቶ ሊወስደው ተቀጥሮ ነበር።

«ይህ ዕቃ ወዴት ሊሄድ ነው፣ እትዬ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሞቷል አሉኝ፣ ልጄ። ቦታ ከሚያጣብብብኝ ብዬ ነው።»

«የጋሼ ጽሑፍስ?»

ፊታቸው ተለወጠ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ጽሑፉ አብሮት አልሞተም?» አሉን።

አልሞተም አልናቸው። ይህንንም ያልነው ለማጽናናት ብለን አልነበረም። ኮምፒዩተር በውጭ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ዕቃዎች ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ነው። ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው አንድ ነው፤ ይኸውም ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ነው። የሚያሰላው ሌላ ነው። የተጻፈውን ጽሑፍና የተነሣውን ፎቶግራፍ የሚጠብቀው ደግሞ ሀርድ ዲስክ የሚባለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተቃጠለ ማለት የመጨረሻው አብሮ ተቃጠለ ማለት አይደለም። የቤቱ መብራት በጠፋ ጊዜ በቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስ አብሮ እንደማይጠፋ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ብርቱ የኤሌክትሪክ ግፊት አንዳንድ ጊዜ ሁሉንም ባንድነት ሊመታ ይችላል፤ ነገር ግን ከፊት ቆሞ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ወድቆ የሚቀረው እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ የከፈልነው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የራሳችን ኮምፒዩተር አልነሣ ብሎን ነበር። የእርሱ ሕመም እንደዚህኛው አልነበረም፤ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ በጥቁር ሞኒተር ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ መስመሮች ጽፎ ይቆማል። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። በማግሥቱ ስንሄድ እንደ አዲስ ተነሥቶ፣ ከቀድሞውም ፈጥኖ ሲሠራ አገኘነው። ሒሳቡን ከፍለን፣ አመስግነን፣ በታክሲ ጭነን ተመለስን። ቤት ገብተን ስንከፍተው ባዶ ነበር። ጠጋኙ ኮምፒዩተሩን ለማስነሣት ሲል ዲስኩን ፎርማት አድርጎት ኖሯል፤ ይኸውም ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ ገና ማዘጋጀት ማለት ነው። እናታችን በመጨረሻው ዓመታቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ በሙሉ በእርሱ ውስጥ ነበር። ደውለን ብንጠይቀው፣ «የሚፈለግ ፋይል አለ አላላችሁኝም» አለን። በእውነትም አላልነውም ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት ማታ በወይዘሮዋ ቤት ያደረግነውን በተራ እንናገር፤ ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነውና። ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ካቻቪቴ ይዞ ከውስጥ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅለን የራስጌ መብራት ሰካንበት፤ በራ። ስለዚህ ግድግዳው ንጹሕ ነው። ቀጥሎ በመካከል ያሉትን መረመርን። በአገራችን ቤት ከግድግዳው እስከ ኮምፒዩተሩ ድረስ ስንት ነገር በመካከል እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ስታቢላይዘር አለ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ዲቫይደር አለ፣ አንዳንዴም በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል። ከነዚህ አንዱ ቢበላሽ ወይም የስታቢላይዘሩ ፊውዝ ቢቃጠል፣ ጥፋቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይቈጠራል። ሁሉንም ትተን ኮምፒዩተሩን ለሙከራ ያህል በቀጥታ ከግድግዳው ጋር አገናኘነው። አሁንም ዝም አለ። ገመዱንም በሌላ ለወጥነው፤ የኮምፒዩተርና የሞኒተር ገመድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ማለዋወጥ ይቻላል። በኮምፒዩተሩ ጀርባ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ አጠገብ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ የቀጥታ መስመር ምልክት ባለበት በኩል ከተጫነች ክፍት ናት፤ የክብ ምልክት ባለበት በኩል ከተጫነች ዝግ ናት። ይህችን ማብሪያ የጽዳት ጨርቅ እየነካ ይዘጋታል። እኛ የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ ኮምፒዩተሩን በታክሲ ጭኖ ጥገና ቤት ድረስ ከወሰደ በኋላ፣ ይህችው ማብሪያ ተጭናለት ተመልሷል።

ከማብሪያዋ አጠገብ በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ አንዲት ቀይ ተንሸራታች ነገር ትገኛለች። በላይዋ 115 ወይም 230 የሚል ቍጥር ተጽፎባታል። ይህችን በተለይ ከአሜሪካ ዕቃ የሚላክላችሁ አንባቢዎቻችን በጥንቃቄ ተመልከቷት። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛው 220 ነው። ቀይዋ 115 ላይ እንዳለች የእኛ ግድግዳ ላይ የሰካ ሰው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የቃጠሎ ሽታ ነው። የሟቹን ኮምፒዩተር ስናዞረው ቀይዋ 230 ላይ ሆና፣ ማንም እንዳይነካት በላይዋ ፕላስተር ተለጥፎባት አየን። መምህሩ የለጠፉት ነበር። በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል።

እንግዲህ ከውጭ ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ኮምፒዩተሩ አንዳች ድምፅ ካልሰጠ፣ መብራትም ካላሳየ፣ ማራገቢያውም ካልተንቀሳቀሰ፣ ጥርጣሬው በፓወር ሰፕላዩ ላይ ይወድቃል። ስፒናውን ነቅለን አፍንጫችንን ወደ ጀርባው ማራገቢያ አስጠጋን። የተቃጠለ ሽታ አለ። በቀዳዳው በኩል ያለው አቧራ እንደ ስሜንቶ ተጋግሯል፤ በላዩ የነበረው ዳንቴልም ሙቀቱ እንዳይወጣ ሲከለክል መኖሩን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። (ወይዘሮዋ ይህን ስንነግራቸው ዳንቴሉን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኛም ሌላ ቃል አልጨመርንም።) ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ይለወጣል እንጂ በቤት ውስጥ ተፈትቶ አይጠገንም። በውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች አሉና፣ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ የሰውን እጅ ክፉኛ የሚመታ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ሣጥን መክፈት የተፈቀደ ቢሆን፣ በውስጡ ያለውን ይህን ብረት ለበስ ሣጥን መክፈት ግን የተከለከለ መሆኑን ልጆች ሁሉ ይወቁ።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ ሕመሞች ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ዓምዱ ጎደሎ ይሆናል።

ኮምፒዩተሩ መብራት አብርቶ፣ ማራገቢያውን እያዞረ፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አስቀድሞ ሞኒተሩ ራሱ መብራቱንና ገመዱ መሰካቱን ማየት ይገባል። በአንዳንድ ኮምፒዩተር ጀርባ የሞኒተር ገመድ የሚሰካበት ቦታ ሁለት ስለ ሆነ፣ አንደኛው ባይሠራ ሌላውን መሞከር ያሻል። የፊደል ገበታው ላይ ትልልቅ የላቲን ፊደል የሚያስጽፈውን ካፕስ ሎክ የተባለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ትንሿ መብራት እየበራች የምትጠፋ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ነቅቷል፤ የተኛው ሞኒተሩ ነው ማለት ነው። ኮምፒዩተር ሲነሣ በመጀመሪያ ራሱን ይመረምራል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981) የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ፣ ምርመራው በደኅና ሲያልቅ አንዲት አጭር ፉጨት ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ሞኒተሩ ሳይበራ ሕመማቸውን የሚናገሩት በፉጨት ቍጥር ነው። የቍጥሩ ትርጓሜ እንደ ሠሪው ኩባንያ ስለሚለያይ፣ ስንት ጊዜ እንዳፏጨና አጭር ይሁን ረጅም በወረቀት ጽፎ ለጠጋኙ መንገር ብዙ ድካም ያስቀራል። የተደጋገመ ፉጨት ብዙ ጊዜ ራም የተባለው የማስታወሻ ክፍል ከቦታው ተንቀሳቅሷል ወይም ጫፉ ቆሽሿል ማለት ነው። ይህን እኛ ራሳችን ደጋግመን አክመናል። ስፒናውን ነቅሎ፣ ማስነሻውን ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጥቶ፣ የሣጥኑን ብረት በእጅ ነክቶ (ሰውነታችንና የሱፍ ልብሳችን የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳ ነው)፣ ራሙን ከሁለቱ ወገን ማያዣው አላቆ አውጥቶ፣ ወርቃማውን ጫፍ በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ አሽቶ፣ ፍርፋሪውን አራግፎ፣ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሶ መጫን ነው። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ መሞከር የትኛው እንደ ታመመ ያሳያል።

ሣጥኑ ከተከፈተ አይቀር ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜሎች ተመልከቱ። እነዚህም ካፓሲተር ናቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ ሊሆን ሲገባ እንደ ቂጣ ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ፣ ሕመሙ ከዚያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮች ገብተው ስለ ነበር፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን ቢያይ አይደነቅ። ከዚያው አጠገብ የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ አለች፤ ሲ.አር. 2032 ትባላለች፤ ኃይሏ 3 ቮልት ነው። እርሷ ስትደክም ኮምፒዩተሩ ሰዓቱንና ቀኑን ይረሳል፤ ሲነሣም «ኤፍ 1 ተጫን» እያለ ይቆማል። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመለስም የኢንተርኔት ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አልከፈት ይላሉ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ያችን ትንሽ ባትሪ መለወጥ ነው፤ በዚህ ምክንያት አዲስ ኮምፒዩተር ግዙ የተባሉ ሰዎች ግን እናውቃለን።

ላፕቶፕ የሆነ እንደ ሆነ የኃይል መሙያው መብራት መብራቱን ማየት፣ መሙያውን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ማስነሻውን ሠላሳ ሰኮንድ ያህል ተጭኖ ቆይቶ እንደ ገና መሰካት ብዙ ጊዜ ያስነሣዋል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ፣ ራሱን መርምሮ፣ የሚነሣበት ዲስክ እንዳጣ ጽፎ ሲቆም ነው። የእኛው የ2003ቱ ሕመም ይህ ነበር። አስቀድሞ የተሰካ ፍላሽ ካለ ይነቀል፤ ኮምፒዩተሩ በፍላሹ ሊነሣ ሞክሮ አቅቶት ይሆናልና። ይህ ካልሆነ ወይ የዲስኩ ገመድ ላልቷል፣ ወይ የዊንዶውሱ ሥርዓት ተበላሽቷል፣ ወይም ዲስኩ ራሱ ታሟል። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ወዲያውኑ አጥፉት፤ በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለ፣ በታመመ ጊዜ ባስነሣነው ቍጥር ራሱን እየፋቀ ይጨርሳል። ድምፅ ከሌለውና የተበላሸው ሥርዓቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት በፍላሽ ጭኖ በእርሱ ማስነሣትና ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል፤ ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። የታመመን ዲስክ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስትሰኩት ዊንዶውስ ራሱ አንዳንድ ጊዜ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ፤ ላድርገው?» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል። መልሱ አይሆንም ነው። በተለይ ኤስ.ኤስ.ዲ. የተባለው የማይሽከረከረው አዲሱ ዲስክ አንድ ጊዜ ከተጠረገ፣ የነበረውን መልሶ ማግኘት ከሞላ ጎደል የማይቻል ነው።

ጠጋኝ ዘንድ የምትሄዱ እንደ ሆነም ከዋጋው ክርክር በፊት «በውስጡ የሚፈለግ ፋይል አለ፤ መጀመሪያ እርሱ ይውጣ» በሉ፤ በደረሰኙም ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ጠጋኙ የሚጠላው ነገር አይደለም። ሥራው ማስነሣት ስለ ሆነ ያስነሣል፤ በውስጡ ማን እንዳለ እርሱ ከየት ያውቃል? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ዲስካቸውን በምስጢር ቍልፍ ይዘጋሉ፤ በዊንዶውስ ዘንድ ይህ ቢትሎከር ይባላል። መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቍጥር ነው። ኮምፒዩተሩ ደኅና ሳለ ይህን ቍጥር ፈልጎ በወረቀት ጽፎ ከቤቱ ካርታ ጋር ያላስቀመጠ ሰው፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖም ጽሑፉን ላያገኘው ይችላል።

ስለ መብራቱ መሄድና መምጣትም አንድ ቃል። ስታቢላይዘር የኤሌክትሪኩን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ይዞ አያቆይም፤ ያን የሚያደርገው ባትሪ ያለው ዩ.ፒ.ኤስ. ነው። እርሱም የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያም ጽፎ ለማስቀመጥና በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ዩ.ፒ.ኤስ. ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት መብራት እንደ ሄደ ስፒናውን ይንቀል፤ ተመልሶ ከመጣም በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይታገሥ። የወይዘሮዋን ፓወር ሰፕላይ የጨረሰው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን በችኮላ መመላለሱ እንደ ሆነ እንገምታለን።

ቅዳሜ ጧት ቆራሌው መጣ። ወይዘሮዋ «አልሸጥም» አሉት። እርሱም ውድ ነገር ቢኖርበት ነው ብሎ መሰለው፤ ሃምሳ ብር ጨመረ። ሁለተኛ ሲከለክሉት ሌላ ሃምሳ ጨመረ። በመጨረሻ አሮጌ የብረት ድስት ሰጥተው አሰናበቱት።

እኛም ከአንድ ወዳጃችን ዘንድ ዲስክን ከላፕቶፕ ጋር በዩ.ኤስ.ቢ. የሚያገናኝ ገመድ ተውሰን መጣን። ገመዱ የራሱ የኤሌክትሪክ መሙያ ያለው መሆን አለበት፤ የላፕቶፕ ትንሹ ዲስክ ከዩ.ኤስ.ቢ. በሚያገኘው 5 ቮልት ይበቃዋል፣ የቤት ኮምፒዩተር ትልቁ ዲስክ ግን 12 ቮልትም ይፈልጋልና። አራት ብሎን ፈታን፤ ሁለት ገመድ ነቀልን፤ የመጽሐፈ ዳዊት ያህል መጠን ያለው ብረት ወጣ። ወይዘሮዋ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት። ስንሰካው መዞር ጀመረ፤ ቀጭ የሚል ድምፅም የለውም። ጥቂት ቆይቶ የሟቹ ስም ያለበት አቃፊ ታየ፤ በውስጡም «የደብሩ ታሪክ»፣ «የትውልድ ሐረግ» የሚሉ ፋይሎች በእንግሊዝኛ ፊደል ተሰይመው ተደርድረዋል።

የመጀመሪያውን ከፈትነው። በገጹ ላይ የታየው ግን አንዳች ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና የነጥብ፣ የቅንፍ ድብልቅልቅ ነበር። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ። ለአፍታ እኛም ልባችን ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ትዝ አለን። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቍጥር ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግእዝና እንደ ፓወር ግእዝ ባሉት መጻፊያዎች ሲጻፍ፣ የአማርኛው ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ እየተተካ ነበር። ስለዚህ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት፣ ከሥሩ ያለው ላቲን ብቻ ይታያል። ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው መልኩ ነው። የፊደሉ ቅርጽ ደግሞ በዚያው አሮጌ ዲስክ ውስጥ፣ በዊንዶውሱ የፊደላት አቃፊ ተቀምጧል። ቆራሌው ወስዶት ቢሆን ይህም አብሮ ይሄድ ነበር። ወደ ላፕቶፑ ገልብጠን ጫንነውና ፋይሉን እንደ ገና ከፈትነው።

አማርኛው ወጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሟቹ ታሪኩን የነገሯቸውን የዐሥራ አንድ ሽማግሌዎች ስም፣ ከነዕድሜያቸውና ከነመንደራቸው ጽፈው ነበር። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አጥልቀው ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። በአራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ የገዛ አባታቸው ስም ነበር።

ጽሑፉ በሦስት ቦታ ተገለበጠ፤ አንዱ በውጭ ዲስክ ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ሄደ፣ አንዱ ወደ አሜሪካ ተላከ፣ አንዱ በወረቀት ታትሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ በቁም ሣጥን ተቀመጠ። በዩኒኮድ ፊደል ለመመለስ አንዲት የልጅ ልጃቸው ሥራውን ጀምራለች። ኮምፒዩተሩ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ተገዝቶለት ነሐሴ ላይ ተነሥቷል፤ ባትሪዋ ደክማ ስለ ነበር ሲነሣ ቀኑን ጥር 1 ቀን 2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብሎ ነው። ዳንቴሉ ታጥቦ አሁን ቴሌቪዥኑን ለብሷል፤ ስለ ቴሌቪዥኑ አየር ማስወጫ ግን ገና አልተናገርናቸውም።